ኮንትራቴን ልጨርስ ወይስ አሁን ልምጣ? አከርካሪ ላይ ስለደረሰ ካንሰር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ወገብ ህመም ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፣ የመጡት ደብዳቤዎች ግን ግማሾቹ ስለ ወገብ ሳይሆን ስለ ካንሰር ናቸው፣ በተለይ ከሌላ ቦታ ተነስቶ አከርካሪ አጥንት ላይ ስለሚያርፍ ካንሰር፣ እና ሁሉም ዞረው ዞረው የሚጠይቁት ያው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ ቀራት? ስንት ጊዜ ቀረው? አራቱን መርጫለሁ፣ ስማቸውን ትቻለሁ፣ ከተማም አንዳንዱን ቀይሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እኔ ዱባይ ነው የምሰራው የቤት ስራ ነው። እናቴ ደሴ ናት 58 ዓመቷ ነው። የዛሬ 4 ዓመት ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ኬሞም ወስዳ ድናለች ብለን ነበር። አሁን ወገቤን ወገቤን ስትል ከረመች፣ ጠበልም ሄደች፣ ወጌሻም አሻት፣ አልተዋት ሲል አዲስ አበባ ወስደው ኤምአርአይ ሲያስነሷት 3 አከርካሪዋ ላይ፣ ዳሌዋ ላይ በሁለቱም በኩል፣ ጎድኗ ላይ፣ ጉበቷም ላይ አለ ተባለ። እግሯ ይደክማታል ግን ሰው ደግፏት ሽንት ቤት ትሄዳለች። ወንድሜ በዋትሳፕ በላከልኝ ወረቀት ላይ «ቶኩሃሺ 7» የሚል አለ፣ ዶክተሩ ደሞ ለሱ ከ6 ወር በታች ነው ብሎታል። የኔ ኮንትራት ሊያልቅ 8 ወር ቀረው። ካቋረጥኩ ብሩ ይቆማል ብሩ ደሞ ለሷ ህክምና ነው የምልከው። ይሄ 7 ምንድነው? ልጨርስ ወይስ ልምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማብራሪያው ረጅም ስለሆነ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ 8 ወሩን አትጠብቂ። ኮንትራት አቋርጪ እያልኩሽ አይደለም፣ እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ግን ሪፖርቱን አስተርጉመሽ ለማዳምሽ አሳያትና የአንድ ወር ፈቃድ ለምኛት፣ በሚመጡት ሳምንታት እናትሽ ጎን ቁጭ ብለሽ ቡና የምትጠጪበትን መንገድ ፈልጊ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ደርሰሽባታል። ቁጥሩ ተሳስቶ ሁለት ዓመት ብትቆይልሽ ደሞ የጎደለብሽ የአንድ ወር ደሞዝና ትኬት ነው። 8 ወር ጠብቀሽ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ቢገኝ ግን በምን ትመልሺዋለሽ?

ወደ 7ቱ እንምጣ። ቶኩሃሺ የጃፓን የአጥንት ሐኪም ስም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የነጥብ አሰጣጥ አወጣ፣ በ2005 አሻሻለው፣ አሁን ወረቀት ላይ የሚጻፈው ባብዛኛው የተሻሻለው ነው፣ ከ15 ነው የሚሰላው። ከፍ ሲል ነው ጥሩ። (ይሄን የምለው ብዙ አስታማሚ ትንሽ ቁጥር ሲያይ «ተመስገን ዝቅ ብሏል» ስለሚል ነው፣ እንደ ስኳር መስሎት።) ከ0 እስከ 8 ያገኘ ከ6 ወር በታች፣ ከ9 እስከ 11 ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ከ12 እስከ 15 አንድ ዓመትና ከዛ በላይ ተብሎ ይገመታል። ልብ በይ ግን፣ ሰውዬው ይሄን ያወጣው ማን መቼ እንደሚሞት ለመናገር አልነበረም፣ ይሄን ሰው ከፍቼ ብሰራው ከቁስሉ አገግሞ የሚጠቀምበት ጊዜ አለው ወይስ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ቀኑን ይበላበታል የሚለውን ለመወሰን ነው። ለሐኪም የተሰራ መሳሪያ ነው፣ ቤተሰብ እጅ ሲገባ ነው እንደ ቀጠሮ የሚነበበው።

በጻፍሽልኝ መሰረት አብረን እንቁጠረው። የተነሳው ከጡት ስለሆነ 5፣ ይሄ ለመነሻው ቦታ የሚሰጥ ትልቁ ነጥብ ነው፣ ከሳንባ ወይ ከጨጓራ ቢሆን ኖሮ 0 ነበር። ከአከርካሪ ውጪ ሌላ አጥንት ላይ 3 ቦታ ስላለ 0። የተነኩት አከርካሪዎች 3 ስለሆኑ 0። ጉበቷ ላይ ያለው በኦፕራሲዮን የሚወጣ ካልሆነ 0። እግሯ ደክሟል ግን ይንቀሳቀሳል ስለዚህ 1፣ ምንም ድካም ባይኖርባት 2 ይሆን ነበር። የመጨረሻው አጠቃላይ አቅሟ ነው፣ ራሷን ምን ያህል ትችላለች የሚለው፣ መካከለኛ ብለው 1 ሰጥተዋታል። ድምር 7።

አሁን ሁለቱን 1ዎች እያቸው። እናትሽ ሰው ካልደገፋት የማትሄደው ጉበቷ ላይ ባለው ምክንያት ላይሆን ይችላል፣ ወገቧ ስላመማትና አጥንቱ ነርቩን ስለተጫነው ይሆናል፣ ያ ደሞ የሚታከም ነገር ነው። ህመሙ ታግሶላት፣ ጨረር አግኝታ፣ እግሯ ተመልሶ ቀጥ ብላ ብትሄድ ሁለቱም ወደ 2 ከፍ ይላሉና 9 ትሆናለች፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ገባች ማለት ነው። ቁጥሩን በማስታገሻ እናታለው ማለቴ አይደለም፣ ጉበት ላይ ያለው እዛው ነው ያለው፣ ግን ያልታከመ ህመም የተቆጠረበት 7 እና ታክሞ ያልተሻለው ሰው 7 እኩል አይመስሉኝም። ወንድምሽ ዶክተሩን ይሄን ይጠይቀው፦ አልጋ ላይ የጣላት ካንሰሩ ነው ወይስ ህመሙ?

ሌላው ቶኩሃሺ የማያየው ነገር አለ። ለሱ የጡት ካንሰር ሁሉ 5 ነው። እኛ ግን ሆርሞን የሚመግበውና ሆርሞን የማይነካው በጣም እንደሚለያዩ እናውቃለን፣ የመጀመሪያው በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ካታጊሪ የሚባል ሌላ የጃፓን ሐኪም በ2014 ባሻሻለው ስሌቱ እነዚህን ሁለቱን ለይቷቸዋል፣ የሳንባ ካንሰርንም ለይቶ ያነጣጠረ መድሃኒት ያለውና የሌለው ብሎ ከፍሎታል፣ የደም ምርመራም ጨምሮበታል። ስለዚህ ከ4 ዓመት በፊት የወጣውን የባዮፕሲ ወረቀት ፈልጉት፣ ኢአር፣ ፒአር፣ ኸርቱ የሚሉ ነገሮች ይኖሩታል (ካንሰሩን ሆርሞን ይመግበው እንደሆነና የትኛው መድሃኒት እንደሚይዘው የሚናገሩ ናቸው)፣ ከጠፋም ናሙናው የተመረመረበት ቦታ ሄዶ ኮፒ መጠየቅ ነው። ያ ወረቀት ከ7ቱ በላይ ነው የሚያወራው። አልቡሚን የሚባል ተራ የደም ምርመራም አለ (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ሰው ሲጎዳና መብላት ሲያቅተው ዝቅ ይላል)፣ ውድ አይደለም፣ ቦስተን ያሉ ሐኪሞች ባወጡት ስሌት ውስጥ ካሉት ሶስት ነገሮች አንዱ እሱ ነው (3.5 እና ከዛ በላይ መሆኑ)፣ ሌላው በሽተኛው በእግሩ መሄዱ ነው። ቁጥር ሳያባዙ መሄድና መብላት ላይ ማተኮራቸው እኔ ይመቸኛል።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልልቀቅሽ። ወጌሻው ይቁም፣ ዛሬውኑ። ካንሰር የበላው አከርካሪ ውስጡ እንደ ነቀዘ እንጨት ነው፣ ማሸት ሊሰብረው ይችላል፣ ሲሰበር ደሞ ነርቩ ላይ ነው የሚገባው። ስትነሳና ስትንቀሳቀስ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚተዋት ህመም ከሆነ አጥንቱ መቆም አቅቶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአዩን የአከርካሪ ሰርጀን ይየው፣ ለዚህም ከ18 የሚሰላ ሌላ ነጥብ አላቸው፣ እዚህኛው ላይ ከፍ ሲል ነው መጥፎ፣ 7 እና ከዛ በላይ ከሆነ ለሰርጀን ይላካል። ሁለተኛው ጨረር ነው። ለህመም ብቻ ከሆነ 8 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው) በአንድ ቀን መስጠት ለብዙ ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው እኩል እንደሚያስታግስ ደጋግሞ ተረጋግጧል፣ ልዩነቱ የአንዱ ቀን በኋላ የመደገም ዕድሉ ከፍ ይላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ገደማ በመኪና ለምትንገላታ ሴትዮ በአንድ ጉዞ ማለቁ ቀላል ነገር አይደለም፣ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እና ለህመሙ ሞርፊን ሲባል አትደንግጡ፣ ሊሞት ለደረሰ ሰው ብቻ የሚሰጥ ነው የሚባለው ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር አባታችን 71 ዓመቱ ነው የፕሮስቴት ካንሰር ነው ከተባለ 10 ቀኑ ነው፣ መድሃኒት ገና አልጀመረም። አከርካሪው ላይም አለ ተብሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እግሩ እየከበደው መጥቶ ዛሬ ያለ ሰው አይቆምም ሽንቱም እምቢ ብሎታል። ህንድ ልንወስደው ቪዛ ጀምረናል 3 ሳምንት ይፈጃል አሉን፣ መሬት አለችን ልንሸጣት ነው። ዶክተሩን ስንት ዓመት ይኖራል ብንለው አልመልስ አለን፣ እሱ ካልነገረን በምን እንወስን?

መልስ፦ ይሄን ደብዳቤ ለህትመት አላቆየነውም፣ በደረሰን ቀን ስልካቸው ላይ ደውለናል። እዚህ ያወጣሁት ሌላ ቤት ውስጥም ይሄው እየሆነ ሊሆን ስለሚችል ነው። ካንሰር ያለበት ሰው እግሩ መክበድ ከጀመረ፣ ሽንት ወይ ሰገራ እምቢ ካለው ወይ ካመለጠው፣ ከእምብርቱ በታች ከደነዘዘው፣ ይሄ የ3 ሳምንት ጉዳይ አይደለም የዛሬ ጉዳይ ነው። ህብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው ዋናው ነርቭ) ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ዴክሳሜታዞን (እብጠቱን የሚቀንስ መድሃኒት) መጀመር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ አከርካሪውን በኤምአርአይ ማየት (ወገቡን ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ደረት ላይ ነው ያለው)፣ ከዛ ወይ ኦፕራሲዮን ወይ ጨረር። ህክምናው ሲጀመር በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ መሄዱን ይቀጥላል፣ ሽባ ሆኖ ቀናት የቆየ ሰው ግን መመለሱ ከባድ ነው። ቪዛውን የሚጠብቀው ነርቭ የለም።

የዕድሜ ግምት እዚህ ምን ይሰራል ካላችሁ፣ ይሰራል። በ2005 ላንሴት በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ 101 ሰው ነው፣ ግማሾቹ ኦፕራሲዮንና ጨረር፣ ግማሾቹ ጨረር ብቻ ተሰጣቸው። ከህክምናው በኋላ መሄድ የቻሉት ከመጀመሪያዎቹ 84 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 57 በመቶ ነበሩ። ሲመጡ መሄድ አቅቷቸው ከነበሩት ደሞ በኦፕራሲዮኑ 62 በመቶ እንደገና ሄዱ፣ በጨረር ብቻ 19 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን ጥናቱ ውስጥ የገቡት ቢያንስ 3 ወር ይኖራሉ የተባሉና ሙሉ በሙሉ ሽባ ከሆኑ 48 ሰዓት ያላለፋቸው ነበሩ። ሰርጀኑ የሚያስበው ግምት ያ ነው፣ ዓመት አይደለም፣ ይሄ ሰው 3 ወሩን ያልፋል ወይ ነው። ሊምፎማና ማልቲፕል ማይሎማ የሚባሉት የደም ካንሰር ዓይነቶች ደሞ ጥናቱ ውስጥ የሉም፣ እነሱ በጨረር ቶሎ ስለሚሟሙ።

አባታችሁ ደሞ አንድ ትልቅ ነገር አላቸው፣ የሆርሞን ህክምናውን ገና አልነኩትም። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ስለሆነ ያንን መዝጋት፣ በመርፌም ይሁን የዘር ፍሬውን በማውጣት፣ ለብዙዎቹ ቶሎ ነው የሚሰራው፣ እና ይሄን ያልጀመረ ሰው ጀምሮ ከከሸፈበት ሰው ጋ አንድ ላይ አይገመትም፣ ዓመታት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ሐኪማችሁ ያልመለሰው ይሄ እንዴት እንደሚሆን ሳያይ መናገር ስላልፈለገ ይመስለኛል፣ እኔም ብሆን አልናገርም ነበር። መሬቷን በዚህ ሳምንት አትሽጧት። መጀመሪያ እግራቸው ይትረፍ።

ጥያቄ፦ እኔ ጥያቄ የለኝም ወቀሳ ነው ያለኝ። እህቴን የእንቅርት ካንሰር ወደ አከርካሪዋ ሄዷል ብለው 6 ወር ነው ብለው አሰናበቱን። ልጆቿን ለማን እንደምንሰጥ ሁሉ ተነጋግረን ነበር። ይኸው 3 ዓመቷ፣ ዛሬ ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ነበር። እናንተ ዶክተሮች ለምንድነው ሰው የምትገድሉት ሳይሞት?

መልስ፦ ወቀሳውን ተቀብያለሁ፣ የተነገረበት መንገድ ትክክል አልነበረም። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ የታይሮይድ (እናንተ የእንቅርት ያላችሁት) ካንሰር ካለው ሁሉ ቀስ ከሚሉት ነው፣ አጥንት ላይ ከደረሰም በኋላ፣ በተለይ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚቀበል ከሆነ። በቶኩሃሺም 5 ከሚሰጣቸው አንዱ እሱ ነው። አዮዲን ባነሰበት አገር ደሞ ወደ አጥንት የሚሄደው ዓይነት ይበዛል፣ እኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለምና ሐኪሙ ይሄን ማሰብ ነበረበት።

ሁለተኛ ያ «6 ወር» የሚባለው ነገር። እንደ እህትሽ ያሉ 11 ሰዎች በአንድ ቀን ተመዝግበው ቢሆን፣ ስድስተኛው ሰው ያረፈበት ወር ነው ያ። አምስቱ ከዛ በፊት ሄደዋል፣ አምስቱ ከዛ በኋላ ነው የሚሄዱት፣ እና የመጨረሻው ሰው 7 ወር ላይም ሊሆን ይችላል 5 ዓመት ላይም ሊሆን ይችላል፣ መካከለኛው ቁጥር ስለሱ ምንም አይናገርም። እህትሽ መስመሩ ላይ የት እንደቆመች ያን ቀን ማንም አያውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም፣ ግን ሲናገር የሚያውቅ መሰለ፣ ጥፋቱ እዛ ላይ ነው።

አንቺ ደሞ የማትወጂውን ልንገርሽ፣ እኛ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በተቃራኒው ነው። በ2000 ቺካጎ ላይ 343 ሐኪሞች 468 ሊሞቱ የተቃረቡ በሽተኞቻቸውን ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ተጠይቀው ነበር። በደንብ የተጠጉት 20 በመቶው ብቻ ናቸው፣ 63 በመቶው አብዝተው ነው የገመቱት፣ 17 በመቶው አሳንሰው። «ገና ጊዜ አለ» ተብለው ቤታቸው ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ የሄዱት መጥተው አይወቅሱንም፣ አንቺ የመጣሽው እህትሽ ስላለችልሽ ነው። ሰላም በይልኝ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለነው። አባቴ 66 ዓመቱ ነው የሳንባ ካንሰር ነው አከርካሪው ላይ ደርሷል፣ ጨረር ወስዶ ህመሙ ተሽሎታል በእግሩም ይሄዳል፣ ኬሞው ግን አልሰራም አሉን። እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይሰማ እኔ ነኝ ሀኪም ቤት የማስተረጉምለት። ባለፈው ዶክተሯ «በወራት ነው የምናስበው» ስትል እኔ «ትንሽ ትዕግስት ያስፈልጋል ትላለች» አልኩት። እሱ ደሞ ለፋሲካ አገሬ ውሰዱኝ ይላል፣ ፋሲካ ገና 4 ወር አለው። አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጥፍተሃል አልልህም፣ ያን ዓረፍተ ነገር ለአባቱ በአማርኛ መናገር የሚችል ልጅ ብዙ አላየሁም። ግን ያ ስራ ያንተ መሆን የለበትም። እዛ አገር ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ካልተገኘ በስልክ፣ ከቀጠሮው በፊት ደውለህ አማርኛ አስተርጓሚ በል፣ አንተ ልጅ ሆነህ ብቻ ቁጭ በል። ከዛ በፊት ግን እቤት ቡና ላይ ጠይቀው፦ «አባዬ፣ ዶክተሯ የምታውቀውን ሁሉ ላንተ ትንገርህ ወይስ ለኛ ትንገረን?» ለናንተ ትንገራችሁ ካለ መብቱ ነው፣ አታስጨንቀው፣ ብዙ አባቶች እንደዛ ይላሉ። ንገሩኝ ካለ ደሞ አትደበቅበት። እኔን ከጠየቅከኝ የሚያውቅ ይመስለኛል፣ አገሬ ውሰዱኝ የሚል ሰው ዝም ብሎ አይልም፣ ንስሐ አባቱንም ከጠየቀ ያው ነው።

ዶክተሯን አንድ ቁጥር አትጠይቋት። ነገሩ ቢከፋ ስንት፣ ቢሳካ ስንት፣ እሱን መሰል ብዙዎቹስ የት ላይ ይወድቃሉ ብላችሁ ሶስቱንም ጠይቋት፣ ለዚህ አይነት ጥያቄ ሐኪም ቀለል ብሎት ይመልሳል። የሳንባ ካንሰሩ የጂን ምርመራ ተደርጎለት እንደሆነም አረጋግጡ፣ በኪኒን የሚያዝ ዓይነት ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል።

ጉዞውን በተመለከተ ግን 4 ወር አትቁጠሩ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ አየር መንገዱም እንደሱ ላለ መንገደኛ በሐኪም የሚሞላ ፎርም ሊጠይቅ ይችላል፣ አከርካሪው የተሰበረ ወይም ሊሰበር የደረሰ ከሆነ ሰርጀኑ እሺ ካላለ መቀመጥ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ወር ይኖራል አይደለም፣ እስከ መቼ ወንበር ላይ ተቀምጦ መብረር ይችላል ነው። ገና ከፋሲካ ይቀርባል፣ በግ ለገናም ይታረዳል።